ዳቦ ተዉ ያለው ቀብር አስፈጻሚ እና የባሮ ዳር በቆሎ

ይህ ረዘም ያለ ጽሑፍ ስለሆነ ቡና ይዛችሁ ብታነቡት ይሻላል። ያለ ስኳር ከሆነ ደግሞ ከጉዳያችን ጋር ይሄዳል።

በውስጥ መስመር በተደጋጋሚ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ። ጠያቂዎቹ የማስተምራቸው በነበረበት ጊዜ የአድዋን ዘመቻ ሲያጠኑ የነበሩ ልጆች ናቸው፤ ዛሬ አግብተው ጋምቤላ ከተማ፣ ኢታንግ፣ አቦቦ፣ አንዳንዶቹም አዲስ አበባና ውጭ አገር ይኖራሉ። ጥያቄው ሲጨመቅ እንዲህ ነው፦ «መምህር፣ ፒሲኦኤስ አለብሽ ተባልኩ። ቲክቶክ ላይ ካርቦሃይድሬት ካቆምሽ ትቀንሻለሽ፣ ከቀነስሽ ታረግዣለሽ ይላሉ። እውነት ነው?»

እኔ የታሪክ አስተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ሐኪም ጋ ሂዱ እላለሁ፤ ታች ደግሞ እደግመዋለሁ። ነገር ግን አንድ ምክር ከየት ተነሳ፣ ለማን ታስቦ ተሰጠ፣ እኛ ጋ ሲደርስ ምን ሆነ ብሎ መጠየቅ የእኛ ሙያ ነው። ይህ ምክር ደግሞ ከምታስቡት በላይ ታሪክ አለው። (የውጭውን ዘመን በእ.ኤ.አ.፣ የኛን ሲሆን ዓ.ም. እያልኩ እጽፋለሁ፤ እንዳትምታቱ።)

ነገሩ የሚጀምረው ለንደን ውስጥ፣ ከቀብር አስፈጻሚ ቤት ነው። ዊልያም ባንቲንግ የሚባል ሰው ነበር። ቤተሰቡ የእንግሊዝ ነገሥታትን ቀብር የሚያሰናዳ፣ የተከበረና ሀብት ያለው ነው። ባንቲንግ በ1862 ቁመቱ ወደ 1 ሜትር ከ65፣ ክብደቱ ወደ 92 ኪሎ ደርሶ ነበር። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር አይችልም፤ ደረጃ ሲወርድ ጉልበቱ እንዳይከዳው ወደ ኋላ እየዞረ ነበር የሚወርደው። ያልሞከረው ነገር የለም። ጀልባ ቅዘፍ ተባለና ቀዘፈ፤ የጨመረው የምግብ ፍላጎቱ ብቻ ሆነ። የእንፋሎት መታጠቢያ ገባ፤ ምንም አልመጣም።

በመጨረሻ የገላገለው ክብደት የሚያክም ሰው አይደለም። ጆሮው እየደከመ ሲሄድ ዊልያም ሃርቪ የሚባል የጆሮ ሐኪም ጋ ሄደ። ሃርቪ ፓሪስ ሄዶ ክሎድ በርናርድ የተባለው ሊቅ ጉበትና ስኳር ስላላቸው ግንኙነት ሲያስተምር ሰምቶ ነበርና ነገሩን አገናኘው። ባንቲንግን ዳቦ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች አቁም አለው። ሥጋና ዓሣ፣ አትክልት፣ ጥቂት ፍራፍሬ ፈቀደለት። ወይን ጠጅም ፈቅዶለታል፤ ያውም በየቀኑ። (ይኼኛውን ክፍል ቲክቶክ ላይ አይነግሯችሁም።) በአንድ ዓመት ውስጥ ባንቲንግ ወደ 21 ኪሎ ቀነሰ። ደስታውን መደበቅ ስላልቻለ በ1863 ስለ ውፍረት የጻፋትን ትንሽ መጽሐፍ በራሱ ገንዘብ አሳትሞ በነጻ አደለ። መጽሐፉ እሳት ሆነ። የሰውየው ስም ራሱ ግሥ ሆኖ ቀረ፤ ስዊድኖች እስከ ዛሬ «ክብደት ለመቀነስ ምግብ መምረጥ» ለማለት «ባንታ» ነው የሚሉት።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንድ ነገር ያዙልኝ። ይህ ምክር ሲወለድ የተሰጠው ሥጋው፣ ዳቦው፣ ቢራውና ድንቹ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተትረፍርፎ ለሚቀርብለት ሰው ነው። ባንቲንግ ዳቦውን ሲተው ሥጋው አጠገቡ አለ። ጀዊ መጠለያ ጣቢያ ላለች ሴት «እህል አቁሚ» ሲባል አጠገቧ ምን አለ? ወደዚህ እንመለሳለን።

አሁን ወደ በሽታው። ፒሲኦኤስ አዲስ የመጣ፣ የዘመኑ ሴቶች በሽታ ይመስለናል። አይደለም። ቫሊስኔሪ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም በ1721 አንዲት ወጣት ባለትዳር ገበሬ ጽፏል፤ ደንደን ያለች፣ ልጅ ያልወለደች። እንቁላል የሚያመርቱት ሁለቱ የሰውነቷ ክፍሎች ከወትሮው የበለጡ፣ ጎርበጥበጥ ያሉ፣ የሚያብረቀርቁና ነጣ ያሉ፣ የእርግብ እንቁላል የሚያክሉ እንደነበሩ መዝግቧል። በ1921 ደግሞ አሻርና ቲዬር የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን «የጺማም ሴቶች የስኳር በሽታ» ብለው ጻፉ። ስሙ ጨካኝ ነው፤ ምልከታው ግን ትልቅ ነበር። በሴት ፊት ላይ የሚበቅልን ጸጉርና ስኳርን በአንድ ገመድ ያሰሩት እነሱ ናቸው።

በ1935 ቺካጎ ውስጥ ስታይንና ሌቨንታል የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች የሰባት ሴቶችን ታሪክ አሳተሙ። የወር አበባቸው የጠፋ፣ አንዳንዶቹ ጸጉር የበዛባቸው፣ እንቁላል ማምረቻቸው ያበጠ ሴቶች ናቸው። ሐኪሞቹ ሆድ ከፍተው ከእንቁላል ማምረቻው ላይ እንደ ሐብሐብ ቁራጭ ቆርሰው አወጡ። የሁሉም የወር አበባ ተመለሰ፤ ሁለቱ አረገዙ። በሽታው ለብዙ ዘመን በሁለቱ ሐኪሞች ስም ሲጠራ ኖረ። ለምን ሠራ? ያን ጊዜ አልገባቸውም። መቁረጡ ግን ለአሥርት ዓመታት ቀጠለ።

ሲስት የሚለው ቃል ብዙ ሴት አስደንግጧልና ይህን በቅንፍ ሳይሆን በግልጽ ልበል። በአልትራሳውንድ የሚታዩት ነጠብጣቦች ዕጢ አይደሉም። ማደግ ጀምረው መንገድ ላይ የቆሙ፣ ያልበሰሉ የእንቁላል ከረጢቶች ናቸው። ስሙ ራሱ የተሳሳተ ነው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ 1921ን አስታውሱ። አሻርና ቲዬር ስለ ጺማም ሴቶች በጻፉበት በዚያው ዓመት ቶሮንቶ ውስጥ ኢንሱሊን ተገኘ። ከአግኚዎቹ አንዱ ማን ይባላል? ፍሬድሪክ ባንቲንግ! ከቀብር አስፈጻሚው ጋር የሩቅ ዝምድና እንዳላቸው ይነገራል። ከዚያ በፊት የስኳር ታማሚ መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነበር፤ እህልና ስኳር መከልከል፣ ሲብስም ማስራብ። በጥር 1922 የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምሰን ኢንሱሊን ሲወጋ ያ ዘመን አበቃ። ካርቦሃይድሬት መቀነስም ከሐኪም ቤት እየወጣ የቀጫጭን ሴቶች መጽሔት ውስጥ ገባ።

ወደ ማህፀን ጉዳይ የመለሰው የ1980 ጥናት ነው። ቡርገን፣ ጊቨንስና ኪታብቺ የተባሉ ተመራማሪዎች ፒሲኦኤስ ባለባቸው ሴቶች ደም ውስጥ ኢንሱሊን ከፍ ሲል የወንዴ ሆርሞንም አብሮ ከፍ እንደሚል አሳዩ። አሠራሩን በኛ ቋንቋ ልንገራችሁ። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ገንፎ፣ ስኳር ስንበላ ደም ውስጥ ስኳር ይገባል። ቆሽት ኢንሱሊን የሚባል መልእክተኛ ትልካለች፤ መልእክተኛው የሰውነትን በር እያንኳኳ «ክፈቱ፣ ስኳሩን አስገቡ» ይላል። በብዙ ፒሲኦኤስ ባለባቸው ሴቶች ጡንቻውና ጉበቱ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላሉ። ቆሽት ደግሞ ተጨማሪ መልእክተኛ ትልካለች። ችግሩ እንቁላል ማምረቻው ጆሮው አልተደፈነም። ጩኸቱን ሁሉ ይሰማል፤ ሲሰማም የወንዴ ሆርሞን ያመርታል። ያ ሆርሞን ሲበዛ እንቁላሉ ሳይበስል ይቆማል። ካልበሰለ አይወጣም፤ ካልወጣ የወር አበባ ይዘገያል፣ ጽንስም የለም።

ይህ ከገባችሁ የቀረው ቀላል ነው። ጩኸቱን የሚቀንስ ነገር ሁሉ ሊረዳ ይችላል። ክብደት መቀነስ፣ መንቀሳቀስ፣ ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር ኪኒን፣ ስኳርና ዱቄት መቀነስም። ስለዚህ ቲክቶክ ላይ የሚናገሩት ሰዎች ሙሉ በሙሉ አልዋሹም። መሠረት አለው።

መሠረቱ ግን ስንት ሜትር ስፋት አለው? ሁሌ የሚጠቀሰው በ2005 ከአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ነው። 11 ሴቶች በቀን ከ20 ግራም ያነሰ ካርቦሃይድሬት እየበሉ 24 ሳምንት እንዲቆዩ ታሰበ። እስከ መጨረሻው የዘለቁት አምስት ናቸው። አምስቱ በአማካይ ክብደታቸውን 12 በመቶ ቀነሱ፤ የጾም ኢንሱሊናቸው ከግማሽ በላይ ወረደ፤ ከዚህ በፊት ማርገዝ አቅቷቸው የነበሩ ሁለት ሴቶችም አረገዙ። ደስ ይላል! ግን አምስት ሴት ናት። ማነጻጸሪያ ቡድንም የለም። ስድስቱ መንገድ ላይ የቀሩት ለምን ይመስላችኋል? ከባድ ስለሆነ ነው፤ ያውም ሱፐርማርኬት ባለበት አገር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥናት ተሠርቷል። በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያ ደግሞ አንዱ የአመጋገብ ዓይነት ከሌላው ይበልጣል የሚያሰኝ ማስረጃ የለም ብሎ ደምድሟል። የምትችዪውን፣ ጤናማውን፣ ልትቀጥዪበት የምትችዪውን ብዪ ነው ነገሩ። ክብደት ላለባት ሴት ከክብደቷ ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ብዙ ጊዜ እንቁላሉን ያነቃዋል። 80 ኪሎ ከሆንሽ ከ4 እስከ 8 ኪሎ ማለት ነው። ሠላሳ ኪሎ አይደለም። የሚያስፈራራሽን አትስሚ።

በነገራችን ላይ ፒሲኦኤስ ያለባት ሁሉ ወፍራም አይደለችም። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከ6 እስከ 13 በመቶው እንዳለባቸው ይገምታል፤ አብዛኞቹም አያውቁትም። ረዥምና ቀጭን የኑዌር ልጅ የወር አበባዋ በሦስት ወር አንዴ ሲመጣ «አንቺማ ውፍረት የለብሽ» ተብላ ትሸኛለች። ለእሷ ክብደት ቀንሺ ማለት ጉዳት ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ።

አንዳንድ ወጣቶች «አያቶቻችን ወተትና ሥጋ እየበሉ ነው የኖሩት፣ ኬቶ የኛ ነው» ሲሉ እሰማለሁ። ደስ የሚል አባባል ነው፤ ታሪክ ግን አይደለም። ኢቫንስ ፕሪቻርድ የሚባለው እንግሊዛዊ የሰው ልጅ ባህል አጥኚ በ1930ዎቹ ከኑዌሮች ጋር ኖሮ በ1940 ያሳተመው መጽሐፍ ምግባቸውን በዝርዝር ይነግረናል። (ይህ ሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አኙዋኮችን አሰልፎ በአኮቦና በጊሎ ወንዞች አካባቢ ከጣሊያን ጋር የተዋጋ ነው፤ የሱ ታሪክ ለብቻው አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል።) ኑዌር ወተት ይጠጣል፤ አዎ። ግን ማሽላም ያርሳል፣ ገንፎም ጠላም ከማሽላ ይሠራል። በበጋ፣ ውሃው ሲሸሽ፣ ከብቱን ይዞ ወደ ወንዝ ዳር ሰፈር ሲወርድ ወተትና ዓሣ ነው። ክረምት ወደ ከፍታው መንደር ሲመለስ እህል ነው። ሥጋ ደግሞ የሚበላው በመሥዋዕት፣ በድግስ ወይም ከብቱ ሲሞት እንጂ «ዛሬ ሥጋ አማረኝ» ተብሎ በሬ አይጣልም። ወተትም ቢሆን አንድ ሊትር ውስጥ ወደ 50 ግራም የሚጠጋ ስኳር አለው። ባንቲንግ ወተት የተከለከለው በከንቱ አልነበረም። በቀን ሁለት ሊትር ወተት የሚጠጣ ኑዌር በዱክ ዩኒቨርሲቲው ሚዛን ኬቶ አይባልም።

አኙዋኮች ደግሞ ከጥንትም የወንዝ ዳር ገበሬዎች ናቸው። ቆላ ዝንቡ (ገንዲ የሚያመጣው) ከብት አያስረባም፤ ስለዚህ ማሽላና በቆሎ፣ ዓሣ፣ የዱር ፍሬ። የባሮ ወንዝ ሲሞላ የሚቀረው ደለል ላይ ውሃው ሲሸሽ ሁለተኛ ጊዜ ይዘራሉ። በቆሎው ራሱ የኛ እንዳልሆነ ስሙ ይመሰክራል። በአንዳንድ የሰሜን አካባቢዎች «የባሕር ማሽላ» ነው የሚሉት፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ማሽላ ማለት ነው። መነሻው አሜሪካ ነው። ዛሬ ግን ጋምቤላ ላይ ያለ በቆሎ ምሳ ማሰብ ይከብዳል። ኑዌሮች ኮፕ የሚሉት፣ ዱቄቱ እንደ ኩስኩስ ተድበልብሎ በወተት የሚበላው ምግብም ብዙ ጊዜ በበቆሎ ነው የሚሠራው።

እህል እንዲህ ገበታውን ሁሉ የያዘው እንዴት ነው? አንዱ መንገድ ንግድ ነው። በ1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ተከለለ። ጋምቤላ ከተማ የተወለደችው ከዚያ ነው። ክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የእንፋሎት መርከብ ይመጣል፤ ከጎሬና ከሰዮ በበቅሎና በሰው ትከሻ የወረደው ቡና ይጫናል፤ ጨውና የጥጥ ጨርቅ ይራገፋል። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ይህን ንግድ ግሩም አድርገው አጥንተውታል፤ ያላነበባችሁ ፈልጋችሁ አንብቡ። ከነጋዴውና ከወታደሩ ጋር ደገኛው ወረደ፤ ከደገኛው ጋር እንጀራው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ደርግ ከወሎ፣ ከትግራይና ከከምባታ ያመጣቸው ሰፋሪዎች ደግሞ ጫካውን መንጥረው እህል አረሱ።

ሁለተኛው መንገድ ጦርነት ነው፤ ይኼኛው ይበልጣል። በ1980ዎቹ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች የሰፈሩበት ኢታንግ በዓለም ካሉት ትልልቅ መጠለያዎች አንዱ ነበር። በ2013 መጨረሻ ደቡብ ሱዳን እንደገና ስትነድ ደግሞ ኩሌ፣ ተርኪዲ፣ ጀዊ፣ ንጉኝኤል ተከፈቱ። ዛሬ በክልሉ ያለው ስደተኛ ከ300 ሺህ በላይ ነው፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ ራሱ የዚያን ያህል ነበር። ስደተኛ ከብቱን ይዞ አይመጣም። ከብት ያለውም ቢሆን ሰላም የለውም፤ በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ከድንበር ማዶ በመጡ ታጣቂዎች ከ200 በላይ ሰዎች በተገደሉበት፣ ከመቶ በላይ ሕጻናት በተወሰዱበት ጥቃት ከ2 ሺህ በላይ ከብትም ተነድቷል። ላም የሄደችበት ቤት ወተት የለም። በራሽን ካርድ የሚሰጠው ደግሞ ማሽላ ወይም በቆሎ ወይም ስንዴ፣ ጥቂት ጥራጥሬ፣ ዘይትና ጨው ነው። ዋናው ክብደት እህሉ ነው። ራሽን ሲቀነስ ሰዉ ዘይቱንና ጥራጥሬውን ሸጦ ተጨማሪ ዱቄት ይገዛል፤ ሆድ የሚሞላው እሱ ነውና። በሰኔ 2015 ዓ.ም. እርዳታው ሙሉ በሙሉ ቆሞ ለወራት ሲቆይ ምን እንደተበላ ያየ ሰው «ካርቦሃይድሬት ቀንሱ» ለማለት አፉ አይከፈትለትም።

ታዲያ ጉዳዩ ቅንጦት ነው? በጭራሽ። እንዲያውም ልጅ አለመውለድ ከኛ ይልቅ የሚከብድበት ቦታ ጥቂት ነው።

ኢቫንስ ፕሪቻርድ እንደጻፈው የኑዌር ጋብቻ በከብት ይታሰራል፤ ወጉ 40 ከብት ይላል፤ በተግባር ያንሳል። ጋብቻው ግን ከብቱ ስለተነዳ ብቻ አያልቅም። ሙሽራዋ የመጀመሪያ ልጇን እስክትወልድና እስኪጠነክር ድረስ በወላጆቿ ቤት ትቆያለች፤ ባልየው እንደ እንግዳ ማታ ማታ ይመጣል። ሚስት የምትባለው ስትወልድ ነው። ካልወለደች ትዳሩ ሊፈርስ፣ ከብቱም ሊመለስ ይችላል። ያ ከብት እኮ ወንድሟ ሊያገባበት የታሰበ ወይም ያገባበት ነው! የአንዲት ሴት የወር አበባ መዘግየት የሁለት ቤተሰብን ሂሳብ ያናጋል ማለት ነው። አኙዋኮች ዘንድ ጥሎሹ ዲሙይ የሚባል ሰማያዊ ጨሌ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ፣ የሚቆጠር። እዚያም እንደዚሁ ጨሌው ብዙ ሰው ያገናኛል። ደገኛው ደግሞ ከብትም ጨሌም ባይቆጥር «መካን» የሚል ቃል አለው፤ አማት አለች፣ ጎረቤት አለች፣ ለቅሶ ቤት ላይ «እስካሁን ምነው?» የምትል አለች።

ግን ኑዌሮች አንድ በር ትተዋል፤ ለተማሪዎች ስነግራቸው ሁልጊዜ ክፍሉ ይንጫጫ ነበር። ልጅ ያልወለደች ሴት ከብት ካላት (ብዙ ጊዜ በፈውስ ወይም በጥንቆላ ሥራ ያገኘችው) ራሷ ሚስት ታገባለች። ጥሎሽ ትከፍላለች፣ ሰርግ ትደግሳለች። ከዘመዶቿ ወይም ከጎረቤት አንዱ ሚስቲቱን እንዲያስወልድ ታደርጋለች። ልጆቹ የሚቆጠሩት በእሷ ስም ነው፤ «አባት» ይሏታል። የዘመድ ልጅ ስትዳር እንደ አጎት የከብት ድርሻዋን ትቀበላለች። ማህበረሰቡ መካንነትን እንደ እርግማን ብቻ አላየውም፤ ሴትየዋን ከወንድ ወገን ቆጥሮ ዘር የምታስቀጥልበትን ሕግ አበጀ። ስለ ድሮው ሁሉ ጥሩ ነበር የምል ሰው አይደለሁም፤ ሚስት ሆና የምትገባዋ ልጅ ምን እንደተሰማት ማን ጠየቃት? ቢሆንም «ካልወለድሽ ምንም አይደለሽም» የሚለው አስተሳሰብ ከአያት የወረስነው ነው ለሚል ሰው ይህ በቂ መልስ ነው።

እንግዲህ ለጠየቃችሁኝ። አንደኛ ነገር፣ እህል ከመቀነሳችሁ በፊት ችግሩ ፒሲኦኤስ መሆኑን እወቁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1980ዎቹ በብዙ አገሮች ባስጠናው ጥናት በአፍሪካ ሴቶች መካንነት ጀርባ ከሌላው ዓለም ይልቅ ጎልቶ የታየው ኢንፌክሽን ነው፤ ያልታከመ የአባላዘር በሽታ ወይም ከወሊድና ከውርጃ በኋላ የመጣ ኢንፌክሽን ቱቦውን ይዘጋዋል። የተዘጋ ቱቦን እንቁላልና አቮካዶ አይከፍተውም። የወር አበባሽ በየወሩ ሳይዛነፍ የሚመጣ ከሆነ ነገሩ ምናልባት ሌላ ነው። ሁለተኛ፣ ባልየው ይመርመር። በጠቅላላው ወደ ግማሽ በሚጠጋው ጉዳይ የወንዱ ድርሻ አለበት፤ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ደግሞ ከሁሉም ቀላሉና ርካሹ ነው። ሚስቱ ለሁለት ዓመት እንጀራ ስትተው አንድ ቀን ላቦራቶሪ ያልገባ ባል አውቃለሁ። ስም አልጠራም፤ እያነበብክ ነው።

ከተማ ላለሽ፣ ደመወዝ ላለሽ፣ ቀላሉን ቀድመሽ ቀንሺ፤ ለስላሳ መጠጥ፣ ሻይ ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር፣ ነጭ ዳቦ፣ ብስኩት፣ ቢራ። ይህን ብቻ አድርገው ብዙ የቀነሱ አሉ። ከዚያ ገንፎውን በግማሽ፣ ዓሣውን በእጥፍ። ባሮ ዳር ናይል ፐርችና አምባዛ ሲገኝ እኛ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ፓስታ የምንገዛበት ምክንያት አይገባኝም። ባሚያ፣ ጎመን፣ ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ እንቁላል። ጿሚ ከሆንሽ ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ሥጋና እንቁላል የለም፣ ስለዚህ ጥብቅ ኬቶ ለጾመኛ አይሆንም። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ተልባ፣ ለውዝ በርከት፣ እንጀራው አነስ። ሽሮ ካርቦሃይድሬት አለው ብላ የምታስፈራራሽን ዝም በያት፤ ከበቆሎ ገንፎ ጋር አንድ አይደለም። መጠለያ ላለሽው እህቴ ደግሞ የሚበላውን አትቀንሺ። ሜትፎርሚንም ሆነ እንቁላል የሚያበስሉት ኪኒኖች፣ ክሎሚፊንና ሌትሮዞል፣ ያለ ኬቶ ይሠራሉ። እነሱን ጠይቂ።

ሐኪም ሳታማክሩ አትጀምሩ የምለው ለወግ አይደለም። የስኳር መድኃኒት፣ በተለይ ኢንሱሊን የምትወስድ ሴት እህል በድንገት ብታቋርጥ ስኳሯ ወርዶ ራሷን ልትስት ትችላለች። ሌላው ደግሞ፣ «አልወልድም» ብላ የለመደች ሴት ክብደቷ ትንሽ ሲቀንስ ሳታስበው ልታረግዝ ትችላለች፤ ስታውቀው ሁለት ወር ሆኖታል። የጽንሱ አከርካሪና አንጎል የሚሠራው በዚያ የመጀመሪያ ወር ነው፤ በአገራችንም የነርቭ ዘንግ ችግር ይዘው የሚወለዱ ልጆች ቁጥር ከፍተኛ ነው። ስለዚህ ለማርገዝ የምትሞክር ሁሉ 0.4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ በየቀኑ ከማርገዟ ከወር በፊት ጀምራ ትውሰድ። ካረገዘች በኋላ ደግሞ ክብደት መቀነስ የሚባለው ይቁም፤ ጥብቅ ኬቶም ያን ቀን ያበቃል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል አዲስ አበባ ላይ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ደረጃ የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለው። ከጋምቤላ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱም ወጪውም ቀላል አይደለም፤ ግን በግል ክሊኒክ ወይም በውጭ አገር ካልሆነ የለም ከሚባልበት ጊዜ ይሻላል።

ማንጎን በተመለከተ ብዙዎቻችሁ ትጠይቁኛላችሁና። ስኳር አለው፤ አዎ። በሚያዝያ ጋምቤላ ተቀምጦ ማንጎ የሚተው ሰው ግን አላየሁም። አንድ ብሉ፤ በጭማቂ መልክ ግን አምስቱን በአንድ ብርጭቆ አትጠጡ።